8 ሊትር እስከ የት ያደርሳል? በባጃጅ ከሱሉልታ እስከ ባሕር ዳር

ኅዳር 2007 ሱሉልታ ላይ አንዲት ያገለገለች ባጃጅ ገዛሁ። ሥራዬ ግን ባሕር ዳር ነው። ሰው ሁሉ በአይሱዙ ጭነህ ውሰዳት አለኝ። ዋጋ ጠየቅሁ። ኪሴ አይችለውም። ያለኝን ጥርግ አድርጌ ለባጃጇ ከፍያለሁ፣ ከእህቴ የተበደርኩትም አለበት። ስለዚህ ራሴ ነድቼ ልወስዳት ቆረጥኩ። መንገዱ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ነው። መሐል ላይ የአባይ በረሃ አለ።

ያን ሰሞን በልቤ የነበረው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ታንከር ቤንዚን እስከ የት ያደርሰኛል? የጠየቅኳቸው የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ የተለያየ ነገር ነገሩኝ። አንዱ በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች አለ። ሌላው ከ20 አታልፍም አለ። ሁለቱም አልዋሹኝም። ይህ የገባኝ ግን መንገዱን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ሊነዱ ያሰቡ ልጆች እየመጡ ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን ከነቁጥሩ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ባጃጇ። ባለ አራት ምት ናት፣ ሞተሯ 200 ሲሲ ይጠጋል። ወደ ፊት አራት ማርሽ፣ ወደ ኋላ አንድ። ታንከሯ 8 ሊትር ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል የማይሞላው ሪዘርቭ፣ ማለትም መጠባበቂያ ነው። ሜዳ ላይ ጨክኖ ለገፋት ሰው 60ን ታልፋለች። ሞተሩ ከኋላ ወንበር ስር ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ። ዳገት ላይ ሁሉ ነገር ወደዚህ ይመለሳል።

ከመነሳቴ በፊት ጋራዥ አስገባኋት። የሞተር ዘይት አስቀየርኩ። የፍሬን ሸራ አስቀየርኩ፤ ለዚህ የከፈልኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ አይቆጨኝም። አዲስ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው) ገዛሁ፣ አሮጌውን ግን አልጣልኩትም፣ በመጠባበቂያ ያዝኩት። የፍሪሲዮን ካቦና የነዳጅ መስጫ ካቦ፣ አንድ አንድ ተጨማሪ። ስኮርታ ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ መንፊያ። ሊብሬውንና የሽያጭ ውሉን በላስቲክ ጠቅልዬ ወንበር ስር አደረግኩ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማሠራቴ ነው። የቆጣሪው ካቦ ተበጥሶ ነበር። የሸጠልኝ ሰው «ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ቆጣሪ የማይሠራላት ባጃጅ ስንት እንደምትበላ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ሁሉም በግምት ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሜዳ ቦታ ላይ ታቆማላችሁ። ፉል ታደርጋላችሁ። ቤንዚኑ ታንከሩ አፍ ላይ የት ጋ እንደደረሰ በዓይናችሁ ያዙት። ቆጣሪውን ትጽፋላችሁ። ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ። ከዚያ ሌላ ማደያ ላይ እንደገና ሜዳ ላይ አቁማችሁ እስከዚያው ቦታ ትሞላላችሁ። የሄዳችሁትን ለገባው ሊትር ታካፍላላችሁ። ባጃጇ ዘንበል ብላ ከቆመች ግማሽ ሊትር ያህል ሊያሳስታችሁ ይችላል። 8 ሊትር ለሚይዝ ታንከር ደግሞ ግማሽ ሊትር ብዙ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳሁ። ኅዳር ነው፣ ሱሉልታ ላይ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሞተሩ የተነሳው በቾክ ነው፤ ብርድ ላይ ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቾኩን ስበው ከተነሱ በኋላ መመለስ የሚረሱ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። ባጃጇ ትሄዳለች፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። ቤንዚኑ ግን ይፈሳል ማለት ይቻላል። እኔ ሞተሩ ትንሽ እንደሞቀ መለስኩት።

ከሱሉልታ እስከ ጎሃ ጽዮን 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ የፍቼ መገንጠያ፣ ገብረ ጉራቻ። መንገዱ ከፍና ዝቅ ቢልም አብዛኛው ሜዳማ ነው። ጭነት የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከ40 እስከ 45 በሰዓት ይዤ ሄድኩ። አስቸጋሪው ነፋሱ ነው። ከፊት ሲመጣ ባጃጇ በግልጽ ትደክማለች። ከጎን ሲመጣ ደግሞ መሪው ከእጅ ይነጥቃል። ሲኖትራክ በተቃራኒ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋል፣ ወዲያው ይስባል። መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ አሳልፉት። የጎን መጋረጃውን ጠቅልሎ ማሰርም ይረዳል። ገብረ ጉራቻ ሳልደርስ የአንዱ ማሰሪያ ተፈታና እንደ ጀልባ ሸራ ተነፋ። ባጃጇ ወደ ግራ ስትጎተት እስኪታወቀኝ ድረስ።

ጎሃ ጽዮን ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ፉል አደረግኩ። 5.4 ሊትር ገባ። በሊትር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። ደስ አለኝ። ምሳ በልቼ ወደ አባይ ልወርድ ስል፣ ማደያው ጥላ ስር ሻይ የሚጠጡ አንድ ትልቅ ሰው ጠሩኝ። የተሳቢ ሾፌር ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ በዚህች ልትወርድ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በዚህ ፀሐይ? መውረዱንስ ትወርዳለህ። ስትወጣ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ። እደር። ንጋት ላይ ውረድ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር ደጀን ትገባለህ።»

አደርኩ። በዚህ መንገድ ላይ ካደረግኩት ሁሉ ይህ ትልቁ ነው።

ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ድልድዩ ያለው ከ1,100 ሜትር በታች ነው። ከዚያ ወደ ደጀን ሲወጣ እንደገና ከ2,400 ሜትር በላይ። ቁልቁለቱም ዳገቱም እያንዳንዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና አንድ ሰዓት ነው። ለባጃጅ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ስወርድ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። አንዳንድ ቦታ አንደኛ። ማርሽ አውጥቶ በባዶ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የባጃጅ ፍሬን ትንሽ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሲያዝ ይግላል፣ ከዚያ መያዙን ይተዋል። በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ነዳጅ ካልሰጣችሁ ደግሞ የሚቃጠለው ቤንዚን ጥቂት ነው። በባዶ ወርዳችሁ የምታተርፉት ከአንድ ሲኒ አይበልጥም። አዲስ ሸራ አስገብቼም ቢሆን ግማሽ መንገድ ላይ የመቃጠል ሽታ ሸተተኝ። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጌ ቆምኩ። ከኋላ ጎማዎች በኩል ሙቀቱ እጅ ያስነሳል። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ያዩኛል። አስፋልቱም እዚያ ላይ መሬቱ ስለሚንሸራተት የተወላገደ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ እንደ ማዕበል ይነሳል። ባጃጅ ሦስት እግር ስላላት ጉድጓድን እንደ መኪና በመሐሏ አታሳልፍም። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ስታድኑ የፊቱ ይገባል። ስለዚህ ቀስ ማለት ብቻ ነው ያለው።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወንበሬ ስር እጄን ሰደድኩ። ጠዋት ጎሃ ጽዮን ላይ ጨርሼው ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ የወረወርኩት ባዶ ሃይላንድ እጄ ገባ። ጭምድድ ብሏል። ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስላል። ማንም አልነካውም። ለጊዜው ምንም አልመሰለኝም፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ደጀን ስደርስ ግን ያው ሃይላንድ ተነፍቶ ወደ ቅርጹ ተመልሷል። ክዳኑን አልከፈትኩትም።

ቆይቶ አንድ መካኒክ ወዳጄ አስረዳኝ። ከላይ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ፣ አየሩ ስስ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ የገባው ያ ስስ አየር ነው። ታች በረሃው ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ከውጭ ጨመቀው። ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር ሞተሩ ከጉልበቱ ከአሥር አንዱን እጅ ያህል ያጣል። ደጀን ላይ ሲደርስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ የሚጠጋው የለም። ቤንዚኑንና አየሩን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ወትሮው ይለቃል። አየር አንሶ ቤንዚን ሲበዛ ደግሞ በደንብ አይቃጠልም። በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ደጋ ላይ ጉልበት የሚያንሰውም፣ ቤንዚን የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጭምድድ ያለ ሃይላንድ ካየሁ በኋላ ይህን ለማመን አልቸገረኝም።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። ከድልድዩ የተነሳሁት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። አብዛኛውን በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት፣ ፍጥነቴ 20 አካባቢ ነው። ሦስተኛ ላይ ለመያዝ ስሞክር ሞተሩ ያቃስታል። ሲያቃስት ነዳጅ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው። ማርሽ መቀነስ ነው ያለበት። ዝቅ ባለ ማርሽ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ማቀዝቀዣው ማራገቢያም አብሮ ይፈጥናል። ከፍ ባለ ማርሽ እያቃሰተ ሲሄድ ግን ሙቀቱ ይበዛል፣ ማራገቢያው ይዘገያል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆምኩ። ስቆም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ እንዲዞር እተወዋለሁ። ከዚያ አጥፍቼ የኋላውን ክዳን እከፍታለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ውሃ የሚያፈሱ አይቻለሁ። ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እንዳታደርጉት።

ደጀን ስገባ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ፉል አደረግኩ። ቆጣሪው ከጎሃ ጽዮን 42 ኪሎ ሜትር ይላል። 1.8 ሊትር ገባ። በሊትር 23 ማለት ነው። ነገር ግን ግማሹ መንገድ ቁልቁለት ነበር፣ እዚያ ላይ ምንም አልበላችም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አስሉት። ዳገቱ ብቻውን አንድ ሊትር ተኩል ያህል በልቷል። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደችም። ባዶዋን። ከአንድ ቀን በፊት 30 የሄደችው ያችው ባጃጅ ናት።

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ጥሩ ሄድኩ። ማርቆስ አክስቴ ቤት አደርኩ። ጠዋት ልነሳ ስል አክስቴ አንድ ኩንታል ጤፍ አስወጣች። «ባዶ እጅህን እናትህ ዘንድ አትገባም» አለች። የአጎቴ ልጅም ባሕር ዳር ጉዳይ አለኝ ብሎ ተሳፈረ። ማደያ ስሄድ ቤንዚን የለም፣ ናፍጣ ብቻ ነው። ሌላው ጋ ሄድኩ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ መቼ እንደሚገባም አይታወቅም። ቆሜ አሰብኩ። ደጀን ላይ ፉል አድርጌያለሁ። 8 ሊትር በ30 ሲባዛ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ቡሬ ከደጀን 185 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ሪዘርቭ አለ። ይበቃኛል ብዬ ተነሳሁ።

እዚህ ላይ ሦስት ስህተት ሠራሁ። 30 የሚለው ቁጥር ባዶዋን፣ በ40 ፍጥነት፣ ሜዳ ላይ የተገኘ ነው። አሁን አንድ ሰውና አንድ ኩንታል ጨምሬያለሁ። ሁለተኛ፣ በሰልፉ የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ብዬ ፍጥነቴን ወደ 55 አወጣሁት። ባጃጅ ፊቷ ሰፊ ነው፣ ከ45 በላይ ነፋስን መግፋት ይሆናል ሥራዋ። ከ45 ወደ 55 ስትወጡ የምታተርፉት በአንድ ሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ነው፣ የምትከፍሉት ቤንዚን ግን ብዙ ነው። ሦስተኛው ስህተት ግን ከሁለቱም ይብሳል።

ደምበጫን አለፍን። ፍኖተ ሰላምን አለፍን። እዚያ ማደያ ነበር። ሪዘርቭ ሳልነካ ለምን እቆማለሁ አልኩ። ቡሬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ ያቆራርጥ ጀመር። ቆጣሪው ማርቆስ ከተማ ውስጥ የዞርኩትን ጨምሮ ከደጀን ወዲህ 190 ይላል። አልደነገጥኩም። ወደ ዳር ወጣሁ። የቤንዚኑን መክፈቻ ወደ ሪዘርቭ ላዞር እጄን ሰደድኩ። አይዞርም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ድሮም ያለው ሪዘርቭ ላይ ነው።

የሸጠልኝ ሰው ሪዘርቭ ላይ አድርጎ ነበር የሚነዳት። እኔም ከገዛሁ ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነድቻታለሁ። ሪዘርቭ የተለየ ታንከር አይደለም። ያው ታንከር ነው። መክፈቻው መደበኛው ላይ ሲሆን ቤንዚኑን ከፍ ካለ ቦታ ይቀዳል፣ ስለዚህ ከታች ጥቂት ይተርፋል። ሪዘርቭ ላይ ሲሆን ከታች ድረስ ይጠጣል። ሁልጊዜ ሪዘርቭ ላይ የሚነዳ ሰው ሪዘርቭ የለውም። ያገለገለች ባጃጅ የምትገዙ ሁሉ፣ ሌላውን ከማየታችሁ በፊት ይቺን መክፈቻ እዩ።

የአጎቴ ልጅ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ለምኖ ወደ ፊት ሄደ። እኔ ጤፉን እየጠበቅሁ ቀረሁ። የጤፍ አጨዳ ወቅት ነው፣ ማሳው ሁሉ ወርቅማ ነው። አንድ ሰዓት ቆይቶ ሁለት ሃይላንድ ቤንዚን ይዞ መጣ። ከማደያው ዋጋ እጥፍ ከፍሎበታል። ቶሎ ልቀዳ ስል ቆጠብኩ። አንዱን ሃይላንድ ፀሐይ ላይ ወደ ላይ አንስቼ አየሁት። ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ጣት የማይሞላ ሌላ ነገር አለ። ነጣ ያለ ነው። ሃይላንዱን ዘንበል ሳደርገው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄዳል። ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይወርዳል። ያ ታንከር ውስጥ ቢገባ ካርቡራተሩ ስር ይተኛና ሞተሩ አልነሳ ይላል። አሥር ደቂቃ ያህል መሬት ላይ አቆምኩት፣ እስኪጠራ። ከዚያ ነጠላ ጨርቅ አፉ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ቀዳሁ። የታችኛውን ሳላንቀሳቅስ ተውኩት። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ሃይላንድ ቤንዚን ከገዛችሁ ግልጽ ዕቃ ውስጥ ያለውን ምረጡ፣ ብርሃን ላይ እዩት፣ አሽትቱትም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሽታው ይከብዳል፣ በእጅ ላይም እንደ ቅባት ይቆያል።

ቡሬ ላይ ፉል አደረግኩና መክፈቻውን ወደ መደበኛው መለስኩት። ከዚያ እስከ ባሕር ዳር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያው ሰው፣ ያው ጤፍ። አሁን ግን ከ42 አላለፍኩም። ኮሶበር ድረስ ዳገት አለው፣ ከዚያ በዳንግላና በመራዊ ቀስ እያለ ይወርዳል። ባሕር ዳር ስሞላ 5.7 ሊትር ገባ። በሊትር 28። ከደጀን እስከ ቡሬ ግን 8 ሊትሩ 190 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የወሰደኝ፣ በሊትር 24 አይሞላም። ወደ ባሕር ዳር መንገዱ መውረዱ ረድቶኛል፣ አልክድም። ግን ከደጀን እስከ ማርቆስ ያለው መንገድ ያለ ጭነት እንደነበርም አስቡት። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ፍጥነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ጎንደር ደርሼ ስመለስ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። ቁጥሩ በየጊዜው ያው ነው።

ጠቅላላው መንገድ የፈጀብኝ 21 ሊትር አካባቢ ነው። ያኔ አንድ ሊትር 20 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የባከነች እያንዳንዷ ሊትር አሁን የልጅ ምሳ ናት። ስለዚህ ሒሳቡን እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ።

የራሳችሁን ባጃጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ። ባዶዋን፣ ጭና፣ ዳገት ላይ። ከዚያ ጥሩውን ቁጥር ተዉት። ለጉዞ የምትጠቀሙት መጥፎውን ነው። የኔ መጥፎ ቁጥር 22 ነው እንበል። ከ8 ሊትር ላይ ሪዘርቩን ቀንሱ፣ 6.5 ይቀራል። 22 በ6.5 ሲባዛ 143 ነው። ስለዚህ ለኔ ባጃጅ አንድ ታንከር 140 ኪሎ ሜትር ነው። 240 አይደለም። 100 ከሞላኝ በኋላ ቤንዚን ያለው ማደያ ካገኘሁ እቆማለሁ፣ ግማሽ ታንከር ቢኖረኝም። የሚቀጥለው ማደያ ላይ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። እንደ አባይ ያለ ዳገት ካለበት ደግሞ ዳገቱን ለብቻው አስሉት፣ በሊትር 12። ሰው ከጫናችሁ ከዚያም ዝቅ አድርጉት።

ጄሪካን ያዙ፣ ግን በአግባቡ። 5 ሊትር በሚይዝ ጄሪካን 4 ሊትር ብቻ አድርጉ። በረሃ ሲወረድ ሙቀት ያስፋፋዋል፣ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከኋላ ወንበር ጀርባ አታስቀምጡት፣ ሞተሩ እዚያው ስር ነው። ወለሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት። ተሳፋሪ ካለ አትያዙ። ሲቀዳም ሞተር ይጥፋ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ይራቅ። እንዲሁም የታንከሩን ክዳን እዩ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። አቧራ ከደፈናት ቤንዚኑ እያለ አይወርድም፣ ሞተሩ ቤንዚን እንዳለቀበት ያቆራርጣል። ክዳኑን ስትከፍቱ «ፉስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሷ ናት። በመርፌ ጥረጉት።

የጎማ ንፋስ በየጠዋቱ አስለኩ። የላላ ጎማ ቤንዚን ይበላል፣ ኩርባ ላይም ባጃጇን ያወዛውዛል። ጭነት ሲኖር ወለሉ ላይ፣ መሐል ለመሐል ይሁን። ጤፉን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ነበር ያደረግነው። ከማርቆስ ስንወጣ አንድ ኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ቀለል ሲል ተሰማኝ። ወዲያው አቁመን ወለል ላይ አወረድነው።

መንገዱ ግን እንደ ያኔው አይደለም። በዚህ በኩል ለመሄድ የምታስቡ ከቤንዚኑም ከሞተሩም በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያ ያለ የቅርብ ሰው ጠይቁ።

ባሕር ዳር በገባሁ ማግስት መካኒኩ ወዳጄ ካንዴላውን ፈታው። ጫፉ ጥላሸት የለበሰ ነው፣ በጣት ሲነካ ይለቃል። ደጋው ያጠቆረው ነው። ጠረገው፣ ካርቡራተሩን ለባሕር ዳር አየር አስተካከለው፣ ዘይቱንም ቀየረልኝ። ሲያፈሰው አብረን አየነው። ሱሉልታ ላይ ማር የመሰለው ዘይት ቡና ሆኗል፣ መጠኑም ጎድሏል። «ከአባይ በኋላ ደጀን ላይ ዘይት ለክተሃል?» አለኝ። አልለካሁም ነበር። አሁን ረጅም ዳገት በወጣሁ ቁጥር ሞተሩ ሲበርድ መጀመሪያ የማየው ዘይቱን ነው፣ ቀጥሎ መክፈቻውን።